መንጃ ፈቃድ ላወጡ አዲስ አሽከርካሪዎች፦ ስለ መንገድ ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሽከርካሪ በማሰልጠን ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰልጣኞች ከፈተና በፊት የሚጠይቁኝና ፈቃዳቸውን ከያዙ በኋላ ደውለው የሚጠይቁኝ አይገናኝም። ከፈተና በፊት የሚያስጨንቃቸው ወደ ኋላ አስተካክሎ ማቆምና ዳገት ላይ ሳይንሸራተቱ መነሳት ነው። ከወር በኋላ ሲደውሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ «ፍሬኔ ቁልቁለት ላይ አልይዝ አለኝ»፣ «ልጅ ከታክሲ ፊት ዘሎ ገባብኝ»፣ «ማታ አልታየኝም»። እዚህ የሰበሰብኩት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ፈተናውን በአንድ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ከተማ ውስጥ ስወጣ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ችግር አለብኝ ማለት ነው?

የለብዎትም። ሜዳ ላይ የተማሩት መኪናውን መቆጣጠር ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ መሪ። ሜዳው ላይ ከሁለት ባጃጅ መሀል ዘሎ የሚወጣ ሰው የለም፤ «ወራጅ አለ» ሲባል ፍሬቻ ሳያሳይ ጥግ የሚይዝ ሚኒባስም የለም። ያንን የሚማሩት አሁን ነውና ቀስ ብለው ይማሩት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሑድ ማለዳ ይውጡ። አንድ መንገድ መርጠው ያንኑ ደጋግመው ይንዱ። መንገዱን ሲለምዱት ሐሳብዎ ከማርሹ ይላቀቅና ዙሪያዎን ማየት ይጀምራሉ። ከዚያ የሥራ ቀን፣ ከዚያ ማታ፣ ከዚያ ዝናብ። ቀለበት መንገድ መጨረሻ ላይ ይምጣ። አጠገብዎ የሚቀመጠው ሰው ልምድ ያለው ብቻ ሳይሆን የማይጮህም ይሁን። በጩኸት የደነገጠ ሰው ፍሬን ፈልጎ ነዳጅ ሲረግጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለሰልጣኞቼ ሁሉ የማዛቸው አንድ ልምምድ አለ። እየነዱ የሚያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩት፦ «ታክሲ ቆሟል፣ ሰው ሊወርድ ነው። ኳስ ተንከባለለ፣ ልጅ ይከተላል። የቆመው መኪና ውስጥ ሹፌር አለ፣ በሩን ሊከፍት ይችላል።» መጀመሪያ ያሳፍራል። ነገር ግን አዲስ አሽከርካሪ ዓይኑን የሚጥለው ኮፈኑ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ መናገር ሲጀምር ግድ ሆኖበት ርቆ ያያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያዩታል።

በሰዓት 50 እና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መሀል ምን ልዩነት አለ? 10 ብቻ አይደለም?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስጄ የማስረዳው ይህን ነው። መኪና የሚቆመው ፍሬን ሲረግጡ አይደለም። መጀመሪያ ዓይንዎ ያያል፣ ቀጥሎ አእምሮዎ ይወስናል፣ ከዚያ እግርዎ ይሄዳል። ይህ ለንቁ ሰው አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ መኪናው በዚያ ሰከንድ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጓዛል።

አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማውም ጥሩ ነው እንበል። በ30 የሚሄድ መኪና አይቶ እስኪቆም ድረስ 13 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው 37 ሜትር፣ በ100 የሚሄደው ደግሞ 84 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የሚይዝበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ልጅ 28 ሜትር ላይ ወደ መንገዱ ገባ። በ50 ሲነዱ የነበሩ ከሆነ ልጁ እግር ሥር ደርሰው ይቆማሉ። በ60 ሲነዱ የነበሩ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ መኪናዎ ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። «10 ብቻ» ያልነው ነገር ልጁ ጋ ሲደርስ 40 ሆኗል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳያቸው ዝም የሚሉ ሰልጣኞች ብዙ ናቸው።

ከፊት ካለው መኪና የሚተዉትን ርቀትም በሜትር አይገምቱ፤ በሰከንድ ይቁጠሩ። የፊቱ መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ይበሉ። ቆጥረው ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ተጠግተዋል። ዝናብ ከሆነ እስከ አራት ይቁጠሩ። «ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባበታል» ይሉኛል። ይግባ። እንደገና ቀስ ብለው ርቀቱን ይፍጠሩ፤ የሚያጡት ሁለት ሰከንድ ነው።

ዜብራ ላይ ስቆም ከኋላዬ ክላክስ ይነፉብኛል። ልቁም ወይስ ልለፍ?

ይቁሙ። ከተማችን ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ክላክስ የሚነፋው ሰው ጥድፊያ ያንን አይመልሰውም። ከኋላ ያለውን ላለማስደንገጥ ስፖኪዮ አይተው፣ አስቀድመው ነዳጅ ለቀው፣ ፍሬኑን በቀስታ ነካ ነካ አድርገው ይቁሙ። የኋላ መብራትዎ ቀድሞ ይናገርልዎታል።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ በራሴ የደረሰ ስለሆነ እነግራችኋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ሰፊ መንገድ ላይ ሚኒባስ ከፊቴ ዜብራው ጋ ቆመ። ሰው ሊያወርድ መስሎኝ በግራ በኩል አለፍኩት። ለካ የቆመው ለተማሪ ነበር። ልጅቷ ከሚኒባሱ አፍንጫ ፊት ብቅ ስትልና እኔ ፍሬን ስረግጥ አንድ ሆነ። ቦርሳዋ ኮፈኑን ነካው። እሷ ደህና ነበረች፤ እኔ ግን መኪናውን ጥግ አስይዤ ብዙ ሰዓት መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተምረው ሕግ ይህ ነው፦ ዜብራ አጠገብ የቆመ መኪና ካለ፣ ለምን እንደቆመ በዓይንዎ ሳያዩ አይለፉት። መኪናው ራሱ የሚሻገረውን ሰው ይከልላል።

ቆመው ሲያሳልፉም «ና፣ እለፍ» ብለው በእጅ አይጥሩ። እርስዎ ቆመዋል፤ በሚቀጥለው ረድፍ የሚመጣው ይቁም አይቁም አያውቁም።

አደባባይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

አደባባዩ ውስጥ ላለው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ እርሱ የሚመጣው ከግራዎ ነው። ሲወጡ የቀኝ ፍሬቻ ያሳዩ፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚተው ነው አደባባዮቻችን የሚቆላለፉት። ትራፊክ ፖሊስ ካለ ግን ከመብራትም ከምልክትም የእርሱ እጅ ይበልጣል።

ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ቀበቶ የግድ ነው? ከኋላ ለሚቀመጡትስ?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረው ሰው የሚገጥመው ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ አካባቢ፣ እንደ መውደቅ ነው። ማንም ሰው እጁን ዳሽቦርድ ላይ ደግፎ ያንን አይችለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላ ያለ ያልታሰረ ሰው ደግሞ ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ወደፊት ሲወረወር ፊት ያለውን ይመታል።

የሕፃናቱ ነገር ያስለቅሰኛል። ጋቢና ውስጥ ሕፃን ታቅፎ መሄድ እንደ ፍቅር ይታያል። ግጭት ሲመጣ ግን የእናት ክንድ ልጁን ሊይዘው አይችልም፤ እናትየዋ ራሷ ካልታሰረች ደግሞ ክብደቷ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የሕፃን ወንበር ገዝተው ከኋላ ይግጠሙ። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ባለው ጋቢና ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወንበሩን ይመታዋል። አንድ ቀበቶ ለሁለት ሰው ማሰርም አይሆንም።

ስልኬን መብራት ላይ ስቆም ብቻ ነው የማየው። ይህም አደጋ አለው?

አለው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ዓይንዎ ቢነሳም ሐሳብዎ መልእክቱ ላይ ይቀራል፤ በዚያ ቅጽበት ደግሞ ዘግይቶ የሚሻገር እግረኛ ፊትዎ አለ። በ40 እየነዱ ለሦስት ሰከንድ ስልክ ካዩ 33 ሜትር በጭፍን ሄደዋል። ስልክ የሚጠቀም አሽከርካሪ አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም እጅን እንጂ ሐሳብን ነፃ አያወጣም። ስልኩን ድምፁን አጥፍተው ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ ሽታ አመጣና ልል ሆነ። መኪናዬ ተበላሽቶ ነው?

መኪናው ደህና ሊሆን ይችላል፤ አነዳዱ ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ አገራችን ተራራ ናትና። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላሉ። ሊማሊሞና ጣርማ በርም እንዲሁ ናቸው፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ፍሬን ላይ እግርዎን ካኖሩ የፍሬኑ ሸራ በፍትጊያ ይግላል፤ የጋለ ሸራ መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱም ከፈላ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ ያለ ምንም መቋቋም ወለል ድረስ ይገባል።

መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከላይ ማርሽ መቀነስ ነው። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ጥሩ መነሻ ነው። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ድምፁ ሲጮህ አይደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ረግጠው ፍጥነቱን ይቀንሱና ይልቀቁት፤ እንዲነፍስበት ያድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነም በ«ዲ» አይውረዱ፤ ወደ «ኤል» ወይም ወደ ዝቅተኛ ቁጥር ያውርዱት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርገው የሚወርዱ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የአሁኖቹ ኢንጀክሽን ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግርዎ ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ ቁጠባም የለውም።

ሽታ ከመጣ ደህና ቦታ ፈልገው ይቁሙና ይጠብቁ። ውሃ አይድፉበት። ፍሬኑ ጨርሶ ከጠፋ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይርገጡት፣ ማርሽ በየደረጃው ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይለቁት ቀስ ብለው ይሳቡ፣ መብራትና ክላክስ ይጠቀሙ። ሞተሩን አያጥፉ፤ መሪው ይከብዳል።

ከከተማ ውጭ ማታ መንዳት እችላለሁ?

በመጀመሪያው ዓመት፣ አማራጭ ካለዎት፣ አይንዱ። ማታ መንገዱ ላይ የሚገጥምዎት ያለ መብራት የቆመ ሲኖትራክ፣ አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ፣ አስፋልቱ ሙቀት ስላለው የተኛበት ከብት ነው። አመሻሽ ላይ መንጋ ወደ ቤት ይመለሳል፤ አንድ በሬ ካለፈ ሌላው ይከተላል፣ እረኛውም ከኋላው ይሮጣል። ክላክስ እንስሳን ያስበረግጋል እንጂ አያስቆምም፤ ፍጥነት ይቀንሱ።

ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራት ካበራብዎ እርስዎም አያብሩበት። ዓይንዎን ወደ ቀኙ የመንገድ ጠርዝ አድርገው ነዳጅ ይልቀቁ። መብራትዎ ከሚያሳይዎ ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻሉ ፍጥነትዎ በዝቷል።

ስለ ድንጋይ አንድ ነገር ልበል። መኪና ሲበላሽ ድንጋይና ቅጠል መደርደር ልማዳችን ነው። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ይያዙ፤ ርቀት ጠብቀው፣ ከኩርባ በፊት እንዲታይ አድርገው ያኑሩት። ድንጋይ ከደረደሩ ደግሞ ሲሄዱ ያንሱት። የተረሳ ድንጋይ ማታ ለሚመጣ ሞተረኛ ሞት ነው።

ክረምት ላይ ምን ልለውጥ?

ፍጥነቱን፣ ርቀቱን፣ ጎማውን። ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ከመሀል ክረምት ይበልጥ ያንሸራትታል፤ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድም ሊሆን ይችላል። ጎርፍ መንገዱን አቋርጦ ሲሄድ ካዩ ይመለሱ።

አንድ ሁለት ቢራ ችግር አለው? ጫት ቅሜ ብነዳስ?

አካል አልኮሉን የሚያስወጣው በራሱ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ቢራ ያህል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጥሬ ሥጋ አያፈጥነውም። ጠጅና አረቄ ደግሞ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ይለያያል፤ በብርሌ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል እንደጠጣ አያውቅም። ሌሊቱን ጠጥቶ ማለዳ የሚነዳም ገና ከደሙ ሳይወጣ ሊሆን ይችላል። ሠርግ ሲሄዱ መኪናውን ቤት ይተዉት።

ጫት እንቅልፍን ይሸፍናል እንጂ ድካምን አያጠፋም። ምርቃናው ያለው ሹፌር ራሱን ንቁ አድርጎ ያያል፤ ሲሰበር ግን ድካሙ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ለረጅም መንገድ በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ መራመድ፣ ካስፈለገ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይሻላል።

የገዛሁት ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የተለየ ጥንቃቄ አለው?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ አዲስ አሽከርካሪ በኤሌክትሪክ ነው የሚጀምረው። ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ መኪናው ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ በመንደር መንገድና በገበያ ውስጥ እግረኛው በጆሮው አይጠብቅዎትም። ሁለተኛ፣ ነዳጁን ሲነኩት ወዲያው ይወረወራል፤ ሞተሩ እስኪነሳ የሚጠብቁት ጊዜ የለም። መጀመሪያ በለዘብተኛው የአነዳድ ምርጫ ይንዱት። ሦስተኛ፣ እግር ሲያነሱ መኪናው ራሱን የሚይዘው ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመልስበት ቦታ ስለሌለ መያዙ ይዳከማል። እንጦጦ አካባቢ ቤት ያለው ሰው ሌሊቱን እስከ 100 ሞልቶ ማለዳ ቁልቁል ሲወርድ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ባትሪው መሙላቱን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ እንዲያቆም ያድርጉ።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ጎማው ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥርሱን ብቻ አይዩ፤ ዕድሜውን ያንብቡ። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ይፈነዳል፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያስለኩ። ልኩ የሹፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል። ትርፍ ጎማውን አይርሱ።

አደጋ ካደረስኩ ወይም ካየሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ይቁሙ። ሸሽቶ መሄድ ወንጀል ነው፤ ለተጎዳው ሰውም እነዚያ ደቂቃዎች ሕይወት ናቸው። ሰው ተሰብስቦ ለራስዎ ከፈሩ በአቅራቢያ ወዳለ ፖሊስ ሄደው ወዲያው ያመልክቱ። ድርብ ፍሬቻ ያብሩ፣ አንጸባራቂውን ያኑሩ፣ ሌላ መኪና እንዳይደርብ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ምልክት ይስጥ።

የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙ፣ አይልቀቁ። እሳት ወይም ሌላ መኪና የማያሰጋ ከሆነ ተጎጂውን አይጎትቱት፤ በተለይ አንገቱንና ጀርባውን አያንቀሳቅሱ። እጅና እግር ይዞ ታክሲ ውስጥ መጫን በቅንነት ይደረጋል፤ አከርካሪው የተጎዳን ሰው ግን ለዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ውሃ አያጠጡት። ሞተረኛ ከሆነና እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አያውልቁ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቧቸው። ሲደውሉ ስንት ሰው እንደተጎዳና ሰው መኪና ውስጥ ተጣብቆ እንደሆነ ይናገሩ። የመንገድ ስም ከሌለ ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ይስጡ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማደያ፣ ትምህርት ቤት። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ልከው አምቡላንሱን ይጠብቅ።